የፍየሏ ቁልፍ

ግንቦት 4

ቁልፉ ዛሬም አልዞር አለ። መግባቱንስ ይገባል፤ ላዞረው ስል ነው ድርቅ የሚለው። የመሪ መቆለፊያው ነክሶ ይሆናል ብዬ መሪውን ወዲያ ወዲህ ነቀነቅኩት። ወይ ፍንክች! ደሄቦ የጨርቅ ጥቅልሏን አቅፋ በር ላይ ቆማ ታየኛለች። ጠዋት ጠዋት ከሰፈራችን ከሳቢያን ቀፊራ ገበያ የማደርሳት ነጋዴ ናት። ከኔ ፔጆ በቀር ሌላ መኪና አይመቻትም፤ አፏ ግን ለማንም አይመለስም።

«ጋሽ ሣህሉ፣ ዛሬ በእግር ነው እንዴ?»

በግራ እጄ ሞከርኩት። ዞረ። ግራ እጅ ቁልፉን ከጎን ስለሚገፋው ነው። ሲሊንደሩ ተበልቷል ማለት ነው። ለመካኒኬ ለከሪም አሳየዋለሁ።

ግንቦት 6

እርሳስ ፍቄ ዱቄቱን በቁልፉ ቀዳዳ ነፋሁበት። ዘይት አይደረግም፤ ዘይት የድሬን አቧራ ሁሉ ጠርቶ ያስገባል። በምድር ባቡር ወርክሾፕ ይህን ለስንቱ አስተምሬያለሁ። ግማሹ ዱቄት ሸሚዜ ላይ ፈሰሰ። ነፋስ ነው ያፈሰሰብኝ።

«በዚህ ሙቀት ደግሞ ነፋስ ከየት መጣ?» አለች አስካለማርያም። ሚስቴ ሆና ቀረች እንጂ መርማሪ ብትሆን ኖሮ ድሬ ላይ አንድ ሌባ አይተርፍም ነበር።

ግንቦት 10

ቀትር ነው። ሱቁ ሁሉ ተዘግቷል፤ ከተማው ወይ ተኝቷል ወይ በርጫ ላይ ጫቱን ይዟል። እኔ እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል። መኝታ ቤቱ ይሞቃል።

ጠዋት ከሪም ጋራዥ ሄጄ ነበር። ከሪምን ከልጅነት ጀምሮ ነው የማውቀው፤ አባቶቻችን አንድ ባቡር ላይ ሠርተዋል። ይችን ፔጆ ከገዛኋት ወዲህ ከሱ ሌላ መካኒክ ነክቷት አያውቅም። እንደ ልማዳችን ተጨባበጥንና እጅ ተሳሳምን፤ እሱ የኔን፣ እኔ የሱን። ሌላ ቀን ስሞ ይለቀኛል። ዛሬ ቀኝ እጄን ያዝ አድርጎ ቆየ።

«ምነው አቦ?» አልኩት።

«ኧረ ምንም! ናፍቀኸኝ ነዋ።»

ትናንት ተያይተናል።

ከመሪው ዘንግ ሥር ያለውን ሽፋን ፈታ። ቁልፍ ቤቱን ከዘንጉ ጋር የያዙት ሁለት ቡሎኖች ራስ የላቸውም፤ ሌባ እንዳይፈታቸው፣ ሲጠብቁ ራሳቸው ተቆርጦ እንዲወድቅ ተደርገው ነው የተሠሩት። ስለዚህ ጠርዛቸውን በመሮ እየመቱ በጥቂት በጥቂቱ ማዞር ነው። ትዕግሥት ይፈልጋል። ከሪም «መብራቱን ያዝልኝ» ብሎ የእጅ ባትሪውን ሰጠኝ። ትንሽ ቆይቶ «እስቲ አምጣው» አለና በጥርሱ ነክሶ ሥራውን ቀጠለ። እኔ ይዤው ሳለ መብራቱ ይዋልል ነበር። ድንጋዩ ደክሞ ይሆናል።

ሲሊንደሩ ሲወጣ እንዳልኩት ሆኖ ተገኘ፤ ውስጡ ያሉት ትንንሽ ፒኖች ተበልተዋል። «አየህ! አላልኩህም?» አልኩት። በጣም ደስ አለኝ። ለተበላ ፒን ያን ያህል መደሰቴ ለራሴም ገረመኝ። ከሪም ፒኖቹን ሞረደ፣ አንዲት ሞላ ቀየረ፣ መልሶ ገጠመው። ራሱ ነድቶ ሰፈሩን ዞሮ መጣ።

«ወላሂ ምንም የለባትም። እንደ ቅቤ ናት።»

ለሱማ ትዞራለች። ለከሪም ያልዞረለት ምን አለ!

ግንቦት 13

አልዞር አለ። ከሪም እንደ ድሮው አይደለም፤ ዐይኑም ደክሟል መሰለኝ።

አስካለ ሸሚዞቼን በምን እንደምታጥባቸው እንጃ፣ የአዝራሩ ቀዳዳ ሁሉ ጠቧል። ዛሬ እሷ ቆለፈችልኝ። ዝም ብላ ቆለፈችልኝ፤ ይህች ሴት ዝም ስትል አልወድም።

ግንቦት 19

ልጻፈው ወይስ ልተወው እያልኩ ዋልኩ። ልጻፈው።

ቀፊራ መግቢያው መታጠፊያ ላይ መሪው ተቆለፈ። እየነዳሁ! የመቆለፊያው ምላስ ከቤቱ ወጥቶ ዘንጉን ነከሰው ማለት ነው። ከፊት ለፊቴ የቲማቲም ጋሪ አለ። አጠገቡ አንዲት ሴት ልጇን አዝላ፣ ጎንበስ ብላ ትመርጣለች። እጄ እዚያው እንዳለ ቀረ፤ አልታጠፍ አለ። መሪው ማለቴ ነው። ደሄቦ «ያ ረቢ!» ብላ ከጎኔ ተወረወረችና መሪውን በአንድ እጇ ወደ ራሷ ሳበችው። ታጠፈ። ጋሪውን በጎን ገጭተን ቆምን። ቲማቲሙ አስፋልቱን ሞላው። ሴትዮዋ ልጇን ከጀርባዋ አውርዳ ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ ቆመች። ምንም አልሆኑም። እናትም ልጅም ምንም አልሆኑም።

ሰው ተሰበሰበ፣ ባለጋሪው ጮኸ። «መሪው ተቆልፎብኝ ነው!» አልኳቸው። አንድ ወጣት እጁን በመስኮት አስገብቶ መሪውን አዟዟረና «ይኸው ይዞራል እኮ፣ አባቴ» አለኝ።

«አሁንማ ለቀቀ!» ብዬ ጮህኩበት። እኔ ሰው ላይ የምጮህ ሰው አልነበርኩም።

ነገሩን ሳስበው ዋልኩ። አንዲት ሴት የተቆለፈ መሪ በአንድ እጇ አታዞርም። ስለዚህ እሷ ስትነካው መቆለፊያው በዚያች ቅጽበት ለቋል። ሌላ ሊሆን አይችልም።

ደሄቦ ስትወርድ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ያች አፈኛ! እጄን ሳመችና ሄደች።

ግንቦት 20

ደሄቦ ዕቃዋን በባጃጅ ጭና ሄደች። «ዛሬ ቸኩያለሁ ጋሽ ሣህሉ» አለችኝ። ባጃጁ በእኔ በኩል ሲያልፍ ፊቷን ወደ ሌላ አዞረች።

ግንቦት 26

ከሪም ከመሪው እስከ ጎማው ፈተሸ። የዘንጉን የላይኛውን ቡሽ ቀየረ፣ መገጣጠሚያውን ፈቶ አየ፣ ኩሽኔታውን በግራሶ አሸው። በመጨረሻ የመቆለፊያውን ምላስ ከነሞላው አውጥቶ መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ። የጣት ጫፍ የምታህል ብረት ናት።

«ከዛሬ ወዲህ ይቺ መኪና መሪዬን ልቆልፍ ብትል እንኳ የምትቆልፍበት የላትም። ገባህ ሣህሉ?»

ገባኝ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ምላሱን ኪሴ ከትቼ መጣሁ፤ አሁን ጠረጴዛው ላይ ናት፣ አያታለሁ። ጥፋተኛዋ እሷ ከሆነች ነገ ሰላም ነው ማለት ነው። ካልሆነችስ? ካልሆነች ደግሞ ሌላ ነገር ይፈለጋል። መኪና ላይ የሚፈለግ ነገር መች ያልቃል!

ግንቦት 29

ዛሬም ያዘኝ። ያዛት። ያለ ምላስ።

ደቻቱ ወንዝ ዳር ነበር፤ ደግነቱ መንገዱ ባዶ ነው። የመንገድ ዳሩን ዛፍ ለጥቂት ሳትኩት። ለማንም አልተናገርኩም። ዘንጉ ጎብጦ ይሆናል። አዎ፣ ዘንጉ ነው።

ሰኔ 5

ኑኃሚን በግድ ሐኪም ቤት ወሰደችኝ። ልጄ መምህርት ናት፤ እኔንም እንደ ተማሪዎቿ እጄን ይዛ አሻገረችኝ። ሐኪሙ ከደጋ የመጣ ልጅ እግር ነው፤ «እርስዎ፣ እርስዎ» ይለኛል። ድሬ ላይ ማን አንቱ ይባላል! አውራ ጣትና ሌባ ጣትዎን ያነካኩ አለኝ፤ አነካካሁ። ፈጠን ያድርጉት አለኝ። ክፍሉን አቋርጠው ይመለሱ አለኝ፤ ተመለስኩ። ከዚያ ወረቀት ሰጥቶ «አንድ ነገር ይጻፉልኝ፤ የፈለጉትን» አለ። «የመኪና ቁልፍ ቤት ዘይት አይደረግበትም፤ የእርሳስ ዱቄት ይሻለዋል» ብዬ ጻፍኩለት። ይማርበት።

ወረቀቱን ለኑኃሚን አሳያት። ፊደሉ ሲጀምር ደህና ነው፤ ከዚያ እያነሰ እያነሰ ሄዶ መጨረሻው ላይ የጉንዳን መንገድ መስሏል። ሰው እስክሪብቶ እንዲህ ቀጭን ለሽማግሌ ይሰጣል?

ኪኒን አዘዘልኝ። «ለምንድነው?» ስላት «የሚያበረታ ነው አባዬ» አለች። ቤት እስክንደርስ ድረስ በመስኮት ወደ ውጭ ስታይ ነበር።

ሐኪሙ ስለ መንዳት የተናገረውን አልሰማሁትም። ውጭ ባጃጅ ይጮህ ነበር።

ሰኔ 9

ከሪም ሊጠይቀኝ መጥቶ ተኝቷል አሉት። በረንዳው ላይ ተቀመጡ። መስኮቱ ክፍት ነው።

ኑኃሚን፦ «ቁልፉን እንውሰድበት። ሰው ይገድላል ጋሽ ከሪም። ራሱን ይገድላል።»

አስካለ፦ «ከእጁ ቀምቼ? እኔ? የዚያን ዕለት ነው የሚሞተው። አልችልም፣ አትጠይቂኝ።»

ከዚያ ከሪም፦ «ለኔ ተዉት አቦ። መኪናዋን እናሳምማት። መኪና ብትታመም ማን ያዝናል?»

ስለ ማን እንደሚያወሩ እንጃ። ሲገቡ ዐይኔን ጨፍኜ ነበር።

ሰኔ 14

ከሪም ጠዋት መጥቶ «ሲሊንደሩ አብቅቶለታል። ሐርላ መንደር አንድ የወደቀች ፔጆ አለች፤ ቁልፍ ቤቷን እናምጣ» አለኝ። በሱ ፒክአፕ ሄድን። ደስ ብሎኝ ሄድኩ፤ ሌላ ሰው ሲነዳ ጎን መቀመጥ የማልወድ ሰው።

የመኪናዋ ባለቤት ሮብሌ የሚባል ፍየል አርቢ ነው። የሟች ወንድሙ ታክሲ ነበረች። ጎማዋ የለም፣ በሯ የለም፤ የኋላ ወንበሯ ላይ አንዲት ዶሮ እንቁላል ታቅፋ ተቀምጣለች። መሪዋ ግን እንዳለ ነው። ከሪም ዶሮዋን ላለማስቆጣት ቀስ ብሎ ገብቶ መሮውን ያዘ። እኔ ከሮብሌ ጋር ጥላ ሥር ተቀመጥኩ።

«ቁልፉስ አለ?» አልኩት።

ሮብሌ ሳቀና ወደ ፍየሎቹ ጠቆመኝ። አንዲት ነጭ ፍየል አንገቷ ላይ ከቃጭሏ ጋር የመኪና ቁልፍ ተንጠልጥሏል። «ጠፊ ናት» አለ፤ «ድምፅ ጨመርኩላት።» እኔና ከሪም በሳቅ ሞትን። ስንት ጊዜዬ ነው እንዲህ ከሳቅኩ! ልይዛት ተነሣሁ፣ ቀንዷን ያዝኩ፣ ከእጄ ወጣች። ደግሜ ያዝኳት፣ ደግማ ወጣች። ሮብሌ ሳይነሣ በአንድ እጁ እግሯን ይዞ አስቀራት። ማንም አልሳቀም።

ከሪም ቁልፍ ቤቱን ይዞ ወጣ፤ ቁልፉን ከተን ሞከርነው። እንደ አዲስ! ስንት ዓመት ፀሐይ ላይ፣ ፍየል አንገት ላይ ኖሮ። ቁልፉን ተቀብዬ ከኔ አሮጌ ቁልፍ ጋር አስተያየሁት። የፍየሏ ቁልፍ አራተኛ ጥርሱ ረጅም ነው፣ የኔ አጭር። የፍየሏ ጫፉም ላይ ድንጋይ የበላው ጠባሳ አለበት። ዕድሜዬን ቁልፍና ብረት ስሞርድ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ አንዴ ያየሁትን ጥርስ አልረሳም።

ስንመለስ፣ ሐርላን ከራቅን በኋላ ጠየቅኩት።

«ከሪም፣ አባትህ ባቡር መንዳት ያቆመው መቼ ነው?»

«አባቴ? እሱ አላቆመም። ባቡሩ ነው የቆመው።»

ለአባቱ ቀናሁ።

ሰኔ 18

ከሪም ቁልፍ ቤቱን ገጠመው። አዲሶቹን ቡሎኖች ራሳቸው እስኪበጠስ አጠበቃቸው። «በቃ፣ እስከ ቂያማ ቀን አይወጣም» አለ። ቁልፉን በቀይ ገመድ አስሮ ሰጠኝ።

አስካለ በር ላይ፣ ኑኃሚን ከኋላዋ ቆመዋል። ገብቼ ተቀመጥኩ። ቁልፉን አስገባሁ። አልዞረም። በግራ እጄ ሞከርኩ። አልዞረም።

«ፒኖቹ ገና አልተላመዱም» አለ ከሪም። «ሁለት ሦስት ሳምንት ይፈልጋሉ። ታገሣት።» ይህን ሲል ጎማውን ነበር የሚያየው። ይህ ሰው ስድሳ ዓመት ሙሉ አንድ ውሸት መዋሸት ያልተማረ ነው።

ቁልፉን አውጥቼ አየሁት፤ አራተኛ ጥርሱ አጭር ነው። አየሁትና ኪሴ ከተትኩት።

«አዎ፣ ሲሊንደሩ ነው» አልኩ።

አስካለ ስትተነፍስ ሰማኋት።

ሰኔ 25

ጠዋት ጠዋት ወርጄ እሞክራታለሁ። ከፊት ለፊታችን ባለሱቁ ዐብዲገኒ በሩን ሲከፍት ያየኛል።

«ዛሬም እምቢ አለች ጋሽ ሣህሉ?»

«እምቢ አለች።»

«አቦ፣ አሮጌ መኪና እንዲህ ነው! ያንተ ጥፋት አይደለም።»

ከዚያ ከሪም ይደውላል፤ ሻይ እንጠጣ ይለኛል፤ ጋራዡ ሄጄ እስከ ቀትር እቀመጣለሁ። ሻዬን በግማሽ ብርጭቆ ነው የሚቀዱልኝ። ለምን ብዬ አልጠየቅኩም።

ሐምሌ 3

የፔጆዋ ወንበር ወደ ፊት ተስቧል። የውስጥ መስተዋቱም ከኔ አጠር ላለ ሰው ዞሯል። ወንበሩ ላይ የሐር ክር አገኘሁ፤ ቀይ፣ ደሄቦ ከምትሸጠው ጨርቅ ዓይነት።

ወንበሩን ወደ ኋላ አልመለስኩትም። ክሩን አነሣሁት። በሁለት ጣት ክር ማንሣት ከባድ ነው፤ ብዙ ሞከርኩ።

ሐምሌ 8

ትምህርት ቤት ተዘግቷል። ኑኃሚን ግን በጠዋት ለብሳ ትወጣለች።

ዛሬ ወደ ከሪም ስሄድ የማንበቢያ መነጽሬን ረስቼ ከመንገድ ተመለስኩ። ማዕዘኑ ላይ ስደርስ ቆምኩ። ኑኃሚን መኪናው ውስጥ ናት። እንደኔው ያለ ቀይ ገመድ ከአንገቷ አወለቀች፤ ጫፉ ላይ የፍየሏ ቁልፍ። አስገባችው፤ ሞተሩ በአንድ ጊዜ ተነሣ። ቀኑን ሙሉ ብሰማው የማይሰለቸኝ ድምፅ። ዐብዲገኒ ከሱቁ ወጥቶ ከጎማው ሥር ድንጋዩን አነሣላት፤ ያ ጠዋት ጠዋት የሚጠይቀኝ ዐብዲገኒ። ደሄቦ ጥቅልሎቿን ከኋላ ጫነችና ከፊት ተቀመጠች። ገና በሩ ሳይዘጋ ወሬዋን ጀመረች። አፏ ተመልሶላታል።

ኑኃሚን መሪውን በአንድ እጇ አዙራ ወጣች። እኔ ነኝ ያስተማርኳት። መታጠፊያው ላይ ማርሽ ስትቀንስ እንኳ የኔን አቀናነስ ነው የምትቀንሰው።

ምንም የለባትም። ዘንጉ አልጎበጠም፣ ቡሹ አልተበላም፣ መሪው ተቆልፎ አያውቅም። ቲማቲም ስትመርጥ የነበረችው ሴት፣ ጀርባዋ ላይ የነበረው ልጅ፤ እጄ ነበር። እጄ ነው።

መነጽሬን ሳልወስድ ሄድኩ።

ሐምሌ 9

አልጻፍኩም።

ሐምሌ 12

ቀትር። ቤቱ ጸጥ ብሏል።

ጠዋት ከሪም ጋር ስንጨባበጥ እጄ በእጁ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። ልደብቀው አልሞከርኩም። ሳመው። እኔም የሱን ሳምኩ።

«ቁልፉ ዛሬም አልዞረልኝም» አልኩት።

«ኢንሻአላህ ይዞራል።»

«ፍየሏ ደህና ናት?»

ቀና ብሎ አየኝ። ብዙ አየኝ። ከዚያ ቀኝ እጄን በሁለት እጁ ያዘና ደግሞ ሳመው። ዐይኑ እንባ ሞልቶ ነበር፤ ሻይ ሊያመጣ ብሎ ሄደ። ግማሽ ብርጭቆ አመጣልኝ። ጠጣሁ። ስለ ሙቀቱ አወራን።

ለአስካለ አልነገርኳትም። ትላንት አዝራሬን ስትቆልፍልኝ «ከሪም እኮ ሲሊንደሩን በቅርብ ያስተካክለዋል» አለችኝ። «እሱን ማን ያህለዋል!» አልኳት። ፊቷ ፈካ አለ። ሐኪሙ የሰጠኝን እውጣለሁ፤ የሚያበረታ ነው ተብዬ የለ። አልበረታሁም። ሐኪሙም እንደማልበረታ ያወቀ ይመስለኛል፤ ለኑኃሚን ያን ዕለት ሲነግራት ፊቷን አይቻለሁ።

አሁን ይህን ስጽፍ ፊደሌ ለራሴም አልነበብ ብሎኛል። እስክሪብቶው ደህና ነው።

ነገም ወርጄ እሞክራለሁ። የማያገለግለውን ቁልፍ አስገብቼ፣ አንዴ በቀኝ፣ አንዴ በግራ። ስንት ሰው ለኔ ብሎ ውሸታም ሆኗል፤ ላሳፍራቸው አልችልም። ዐብዲገኒ ሱቁን ሲከፍት ይጠይቀኛል። እምቢ አለች እለዋለሁ።